ከአንድ ባልዲ ውኃ፦ በሐይቅ ዳርቻ የጥቃቅን አልጌዎችን ብዝኃነትና ምርታማነት አብሮ የመለካት ዝርዝር መመሪያ

በሐዋሳ አሞራ ገደል ማለዳ ዓሣ ሲበለት ቆሞ የተመለከተ ሰው የቆሮሶ ሆድ ዕቃ ሲከፈት ጥቁር አረንጓዴ የሆነ፣ በደንብ የተፈጨ ቅጠል የሚመስል ነገር ሲወጣ ማየቱ አይቀርም። ያ አረንጓዴ ነገር በዓይን ተለይተው የማይታዩ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ጥቃቅን አልጌዎች ክምችት ነው። በሐዋሳ ሐይቅ ያለ ቆሮሶ በአብዛኛው የሚመገበው እነዚህኑ ስለሆነ፣ በሳህን ላይ የሚቀርበውን ዓሣ ከፀሐይ ብርሃን የሚለየው አንድ እርከን ብቻ ነው። በየብስ ላይ ሣሩና ዛፉ የሚሠራውን ሥራ በውኃ ውስጥ የሚሠሩት እነዚህ ናቸው። በምድራችን ላይ ከሚካሄደው ብርሃን አስተጻምሮ ወደ ግማሽ የሚጠጋው በባሕርና በውቅያኖስ ውስጥ በሚንሳፈፉ ጥቃቅን አልጌዎች የሚከናወን ነው። በተለይ ዳርቻዎች፣ የባሕርም ሆኑ የሐይቅ፣ ውኃቸው ጥልቀት ስለሌለው ብርሃን እስከ ወለሉ ሊደርስላቸው ይችላል፤ ከየብስ የሚታጠበው ናይትሮጅንና ፎስፎረስም መጀመሪያ የሚያርፈው እነሱ ላይ ነው፤ ስለዚህም ከመሐል ውኃ ይልቅ የበለጸጉ ሆነው ይገኛሉ።

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ለባዮሎጂ መምህራን፣ የመመረቂያ ጥናት ለሚጀምሩ ተማሪዎችና በሐይቅ ዳርቻ ከተሞች በአካባቢ ጥበቃ ሥራ ላይ ለተሰማሩ ባለሙያዎች ነው። በምሳሌነት የያዝኩት የሐዋሳን ሐይቅ ነው፤ ስፋቱ ወደ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር፣ ከባሕር ጠለል በላይ ያለው ከፍታ ወደ 1,680 ሜትር፣ እጅግ ጥልቅ የሆነው ቦታው ደግሞ ወደ 22 ሜትር ነው። ዓመቱን ሙሉ የሚገባበት ጥቁር ውኃ ሲሆን፣ በገሃድ የሚታይ መውጫ የለውም፤ የገባበት ነገር ሁሉ እዚያው ይቀራል። አሠራሩ ግን ለጣና፣ ለዝዋይም ሆነ ለቀይ ባሕር ዳርቻ በጥቂት ማስተካከያ ያገለግላል።

ሁለቱን ልኬቶች ለምን ከአንድ ውኃ?

ጀማሪዎች ደጋግመው የሚሠሩት ስሕተት አለ። የዝርያ ናሙናውን አንድ ቀን ይወስዳሉ፤ የምርታማነቱን ልኬት ደግሞ መሣሪያው በተገኘ ጊዜ፣ ከሳምንት ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ ያካሂዳሉ፤ ከዚያም ሁለቱን በአንድ ሠንጠረዥ ጎን ለጎን ያስቀምጣሉ። ጥቃቅን አልጌዎች ግን ሁኔታው ከተመቻቸው በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ቁጥራቸውን እጥፍ ሊያደርጉ ስለሚችሉ፣ ነፋስም በአንድ ከሰዓት ከዳርቻ ወደ ዳርቻ ስለሚገፋቸው፣ በሁለቱ ቀኖች የተለካው አንድ ማኅበረሰብ አይደለም። ስለዚህ በዚህ መመሪያ ሁሉም ነገር፣ ማለትም ቆጠራው፣ ክሎሮፊሉና የኦክስጅን ጠርሙሶቹ፣ በአንድ ሰዓት ከተሞላ አንድ ባልዲ ይወጣል።

ሌላው ምክንያት አንዱን ልኬት የሌላው ምትክ ማድረግ ስለማይቻል ነው። የዝርያዎች ብዛት ምርታማነትን ያሳድጋል የሚለው አስተሳሰብ በብዙ ቦታ ማስረጃ ቢኖረውም፣ አገራችን ውስጥ ተቃራኒውን የሚያሳዩ ውኃዎች አሉ። ሻላ አጠገብ ያለው ጪቱ ሐይቅ ሶዳው ከፍተኛ ስለሆነ አርትሮስፓይራ የምትባለው ጥምዝምዝ ሳያኖባክቴሪያ (እንደ አልጌ በብርሃን ምግቧን የምትሠራ ባክቴሪያ) ለብቻዋ እስክትመስል ድረስ ትነግሥበታለች፤ ፍላሚንጎዎቹም የሚመጡት እርሷን ፍለጋ ነው። ተመራማሪው ቶሊንግና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተሙት ጥናት ቢሾፍቱ አካባቢ ባሉት በአረንጓዴና በቂሎሌ ሐይቆች የለኩት የብርሃን አስተጻምሮ መጠን በተፈጥሮ ውኃ ሊደረስበት ከሚችለው ጣሪያ ጋር የሚቀራረብ ሆኖ ነበር፤ ያንን ያህል ምርት ያመረተችው ግን በዋነኝነት አንዲት ዝርያ ናት። ቂሎሌ በኋላ ወንዝ ተጠልፎ ሲገባበት ጨዋማነቱ ቀነሰ፤ ያች ዝርያም ቦታዋን ለሌሎች ለቀቀች። የዝርያ ብዛት ከፍ ማለቱ የምርት ከፍ ማለት ነው ብሎ አስቀድሞ የወሰነ ሰው ከእነዚህ ሐይቆች ምንም አይማርም።

የመጀመሪያው ሥራ፦ ቦታና ሰዓት መምረጥ

አራት ጣቢያዎች ይበቃሉ። አንዱ ፊላና ደንገል በበቀለበት ዳርቻ፣ ሁለተኛው ተክል በሌለበት ገላጣ ዳርቻ፣ ሦስተኛው ወንዝ ወይም የከተማ ፍሳሽ በሚገባበት አካባቢ፣ አራተኛው ደግሞ ለማነጻጸሪያ ከዳርቻው ራቅ ብሎ ጥልቀቱ ከ5 ሜትር በላይ የሆነ ቦታ ይሁን። ቦታውን በስልክዎ ጂፒኤስ ይመዝግቡ፤ በተጨማሪም በዳርቻው ላይ ካሉ ሁለት የማይንቀሳቀሱ ነገሮች አንጻር በሥዕል ያስቀምጡት፤ የሐይቁ ውኃ ሲጨምርና ሲቀንስ የዳርቻው መስመር ስለሚለዋወጥ ‘ከዛፉ ሥር’ የሚል ማስታወሻ ብቻውን በቀጣዩ ዓመት ሊያሳስት ይችላል።

በአንድ ቀን አንድ ጣቢያ ብቻ በጥራት መሥራት ይሻላል፤ አራቱንም በአራት ተከታታይ ቀናት ይጨርሱ። ውኃው የሚቀዳው ሁልጊዜ ከጠዋቱ 3፡30 እስከ 4፡00 ሰዓት፣ ጠርሙሶቹ ውኃ ውስጥ የሚቆዩት ከ4፡30 እስከ 8፡30 ሰዓት ይሁን። ዙሩ ቢያንስ በወር አንድ ጊዜ፣ ከተቻለ በየሁለት ሳምንቱ፣ ለአንድ ሙሉ ዓመት ይደገም። ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ የላይኛው ውኃ ቀዝቅዞ ይሰምጣል፤ ከታች የተከማቸውም ንጥረ ነገር ወደ ላይ ይመለሳል፤ በክረምት ደግሞ ጎርፉ ደለልና ማዳበሪያ ይዞ ይገባል። እነዚህን ሁለት ጊዜያት ያልያዘ ጥናት የሐይቁን ግማሽ ታሪክ አላየም።

ከመውጣትዎ በፊት የሚዘጋጁ ነገሮች

የቆጠራውን ናሙና ሳይበላሽ የሚያቆየውን ሉጎል የሚባል የአዮዲን ብጥብጥ ራስዎ ያዘጋጁ። 20 ግራም ፖታሺየም አዮዳይድ በጥቂት ዲስቲልድ ውኃ ውስጥ ያሟሙ፤ ከዚያ 10 ግራም አዮዲን ይጨምሩበትና ፈጽሞ እስኪሟሟ ያማስሉ፤ ውኃውን 200 ሚሊ ሊትር ካደረሱ በኋላ 20 ሚሊ ሊትር ግላሺያል አሴቲክ አሲድ ያክሉበት። ቅደም ተከተሉን አይለውጡ፤ አዮዲን በውኃ ብቻ አይሟሟም፤ ብዙ ተማሪዎች ቡናማ ፍርፋሪ ይዘው የሚቀሩት ለዚህ ነው። ብጥብጡ በጥቁር ወይም በቡናማ የመስታወት ጠርሙስ ይቀመጥ። ፕላስቲክ አዮዲኑን ይመጥጠዋል።

የውኃውን ጥራት የሚለካውን ሴኪ ዲስክ ለመሥራት 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ቆርቆሮ ወስደው ለአራት ይክፈሉትና ሁለቱን ትይዩ ክፍሎች ጥቁር፣ ሁለቱን ነጭ ቀለም ይቀቡ፤ መሐሉን በስተው በየ10 ሴንቲ ሜትሩ ምልክት ያለበት የማይለጠጥ ገመድ ያስሩበት፤ ከሥሩም ክብደት ይንጠልጠል። ይህን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1865 በሜዲትራኒያን ባሕር ላይ የሞከረው ጣሊያናዊው ቄስና የሥነ ፈለክ ሊቅ አንጀሎ ሴኪ ነው፤ ዛሬም ከዚህ የረከሰና የታመነ የውኃ ጥራት መለኪያ አላገኘሁም።

ከእነዚህ ሌላ የሚያስፈልጉት 20 ሊትር የሚይዝ ንጹሕ ባልዲ፣ 1 ሜትር ርዝመትና 5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የፕላስቲክ ቱቦ ከነውታፉ፣ ቀጭን የጎማ ቱቦ፣ ቴርሞ ሜትር፣ የፒኤች መለኪያ፣ እያንዳንዳቸው 300 ሚሊ ሊትር የሚይዙና የመስታወት ክዳን ያላቸው 15 ጠርሙሶች፣ በተጨማሪም ኦክስጅንን ለመለካት የሚያገለግሉት የዊንክለር ኬሚካሎች (ማንጋኒዝ ሰልፌት፣ አልካላይን አዮዳይድ፣ ሰልፈሪክ አሲድ፣ ሶዲየም ታዮሰልፌትና ስታርች) ናቸው። ከጠርሙሶቹ ሦስቱን በአሉሚኒየም ፎይል ሁለት ጊዜ ጠቅልለው በጥቁር ቴፕ ያሽጉ፤ ክዳናቸውም ይሸፈን። ብርሃን በአንገቱ በኩል የሚሾልክበት ጨለማ ጠርሙስ ውጤቱን ያበላሸዋል።

ስለ ደኅንነት አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። በሐዋሳ ዳርቻ የቢልሃርዝያ ቀንድ አውጣዎች አሉ፤ ስለዚህ በባዶ እግር አይግቡ፤ ረጅም የጎማ ቦት ጫማና ጓንት ያድርጉ። ጉማሬ በሚወጣበት ቦታ ማለዳ በፊላው ውስጥ አይለፉ፤ የት የት እንደሚውሉ ከጀልባ ቀዛፊዎች በላይ የሚያውቅ የለም፤ እነሱን ይጠይቁ። በውኃው ላይ የተፈሰሰ አረንጓዴ ቀለም የሚመስል ሽፋን ካዩ ማይክሮሲስቲስ የምትባለው ሳያኖባክቴሪያ ልትሆን ትችላለች። መርዝ ሊኖረው ስለሚችል ቆዳዎን አያስነኩት፤ መርዙ በማፍላት የማይጠፋ ስለሆነም ውኃው ፈልቶም አይጠጣ።

ውኃው ላይ

ደርሰው መልሕቅ እንደጣሉ ውኃው እስኪረጋ አምስት ደቂቃ ይጠብቁ። በጀልባው ጥላ በኩል ሴኪውን ያውርዱና የሚሰወርበትን ጥልቀት ይያዙ፤ ቀስ ብለው ሲያወጡት ዳግመኛ የሚታይበትንም ይመዝግቡ፤ የሁለቱ አማካይ የሴኪ ጥልቀት ይባላል። ለአልጌ የሚበቃ ብርሃን የሚደርስበት ጥልቀት በግርድፉ የዚህ ሁለት እጥፍ ተኩል ያህል ነው። ሴኪው 0.8 ሜትር ላይ ከተሰወረ ብርሃኑ እስከ 2 ሜትር ገደማ ይሠራል ማለት ነው፤ የውኃው ጥልቀት 1.5 ሜትር ብቻ በሆነበት ዳርቻ ታዲያ ወለሉም ጭምር እያመረተ ነው። ይህን ቁጥር ያዙት፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ሙቀቱንና ፒኤቹን ከመዘገቡ በኋላ ቱቦውን ቀጥ አድርገው ቀስ ብለው ያስገቡ፤ ከታች በውታፍ ዘግተው ያውጡትና ወደ ባልዲው ይገልብጡት። አንዱ ሙሊት ወደ 2 ሊትር ይጠጋል፤ አሥር ጊዜ ሲደጋገም ባልዲው ይሞላል። በዚህ መንገድ ከላይ የሚንሳፈፉትም ወረድ ብለው የሚኖሩትም አልጌዎች በተመጣጠነ ሁኔታ ይገባሉ። ቱቦው ጭቃውን ከነካ ያንን ሙሊት ይድፉት። የፕላንክተን መረብን (በውኃ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን ሕያዋንን የሚያጠልል መረብ) ዝርያ ለመለየት ብቻ ይጠቀሙ፤ ለቆጠራ አይጠቀሙበት፤ 20 ማይክሮን ቀዳዳ ያለው መረብ ከዚያ የሚያንሱትን አብዛኞቹን ያሳልፋቸዋል፤ እነሱ ደግሞ በአንዳንድ ወራት ዋነኞቹ አምራቾች ናቸው።

ባልዲውን በጥላ ያኑሩ፤ በእንጨት ማማሰያ ሳይመቱ፣ እንደ ወጥ እያገላበጡ ያማስሉት። ከዚያ የመጀመሪያውን 1 ሊትር ለቆጠራ ወደ ቡናማ ጠርሙስ ይቅዱና ሉጎል ይጨምሩበት፤ መጠኑ ለ100 ሚሊ ሊትር ከ0.5 እስከ 1 ሚሊ ሊትር ሲሆን፣ ውኃው የቀጠነ ሻይ ቀለም ሲይዝ በቂ ነው። ቀጣዩ 1 ሊትር ለክሎሮፊል ነው፤ በጥቁር ላስቲክ ተጠቅልሎ በረዶ ባለበት ሳጥን ይገባል። የቀረው ለኦክስጅን ጠርሙሶቹ ነው።

የብርሃንና የጨለማ ጠርሙሶች

ይህን ዘዴ ተመራማሪዎቹ ጋርደርና ግራን በኦስሎ ፊዮርድ የባሕር ዳርቻ ላይ ሠርተው እ.ኤ.አ. በ1927 አሳተሙት። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ በብርሃን ጠርሙስ ውስጥ አልጌው ኦክስጅን ያመርታል፣ ይተነፍሳልም፤ በጨለማው ውስጥ መተንፈስ ብቻ ነው። ሁለቱ ሲቀናነሱ ጠቅላላው ምርት ይገኛል።

የጎማ ቱቦውን ከባልዲው ወለል አስጀምረው ወደ ጠርሙሱ ታች ያድርሱትና ውኃው ሞልቶ ለጥቂት ጊዜ እስኪፈስ ይተዉት። ክዳኑን ሲገጥሙ አንዲት አረፋ እንኳ መቅረት የለባትም። ሦስቱ ጠርሙሶች የመነሻ ናቸው፤ ወዲያውኑ ኬሚካል ይገባባቸዋል። ዘጠኙ የብርሃን ጠርሙሶች ሦስት ሦስት ሆነው በ0.1፣ በ0.5 እና በ1 ሜትር ጥልቀት በገመድ ይንጠለጠላሉ፤ ሦስቱ ጨለማ ጠርሙሶች በ0.5 ሜትር ይሆናሉ። ገመዱ ተንሳፋፊ ጀሪካን ላይ ታስሮ የጀልባው ጥላ ከማይደርስበት ቦታ ይቀመጥ። ከታች ያለው ጠርሙስ በላይኛው እንዳይጋረድ በአግዳሚ ዘንግ ላይ ፈንጠር ፈንጠር አድርገው ይሰሯቸው።

አራቱ ሰዓት ሲሞላ አውጥተው ማንጋኒዝ ሰልፌቱንና አልካላይን አዮዳይዱን ከውኃው ገጽ በታች እያንዳንዳቸውን 1 ሚሊ ሊትር ይጨምሩ። ቡናማ ደመና ይፈጠራል፤ ነጭ ሆኖ ከቀረ ግን ኦክስጅን የለም ማለት ነው። ሲዘቅጥ አንድ ጊዜ አገላብጠው እንደገና ያዝቅጡት፤ ቤተ ሙከራ ሲደርሱ የተከማቸ ሰልፈሪክ አሲድ በጥንቃቄ ጨምረው ያሟሙት። ከዚህ ላይ 200 ሚሊ ሊትር ወስደው 0.025 ኖርማል የሆነ ሶዲየም ታዮሰልፌት ጠብ ጠብ እያደረጉ ይለኩ፤ ፈሳሹ የገለባ ቀለም ሲይዝ ስታርች ጠብ አድርገው ሰማያዊው እስኪጠፋ ይቀጥሉ። የፈሰሰው እያንዳንዱ ሚሊ ሊትር በግርድፉ በሊትር 1 ሚሊ ግራም ኦክስጅን ነው።

ለምሳሌ በ0.5 ሜትር የተገኘው ውጤት፦ መነሻ 7.0፣ ብርሃን 8.2፣ ጨለማ 6.7 ሚሊ ግራም በሊትር ይሁን። ጠቅላላ ምርቱ 8.2 ሲቀነስ 6.7፣ ማለትም በአራት ሰዓት 1.5፣ በሰዓት 0.375 ነው። መተንፈሱ 7.0 ሲቀነስ 6.7፣ በሰዓት 0.075 ነው። የተጣራው ምርት ደግሞ በሰዓት 0.3 ይሆናል። ወደ ካርቦን ለመቀየር በ12 አባዝተው ለ32 ያካፍሉ፤ ውጤቱን ደግሞ ለ1.2 (የሚወጣው ኦክስጅን ለሚያዘው ካርቦን ያለው ምጣኔ) ያካፍሉ፤ ባጭሩ በ0.3125 ማባዛት ነው። ስለዚህ ጠቅላላው ምርት በአንድ ሜትር ኩብ ውኃ በሰዓት 117 ሚሊ ግራም ካርቦን ገደማ ነው።

የሦስቱን ጥልቀቶች ለማጣመር በመካከላቸው ያለውን ርቀት በሁለቱ ውጤቶች አማካይ ያባዙ። በ0.1 ሜትር 0.25፣ በ0.5 ሜትር 0.375፣ በ1 ሜትር 0.15 ከሆነ የመጀመሪያው ስስ ሽፋን 0.025፣ ሁለተኛው 0.125፣ ሦስተኛው 0.131 ይሆንና ድምሩ በካሬ ሜትር በሰዓት 0.28 ግራም ኦክስጅን ነው። ከላይኛው ይልቅ የመካከለኛው ውጤት መብለጡ ስሕተት አይደለም። በእኛ ኬክሮስ ቀትር ላይ ያለው ፀሐይ በውኃው ገጽ አጠገብ ላሉት አልጌዎች ይበዛባቸዋል፤ ምርታቸውም ይገታል።

ስለ አረፋ አስጠንቅቄ ልለፍ። ሐዋሳ ከፍታ ላይ ስለሆነ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል ወደ ሃያ በመቶ ገደማ ያንሳል፤ ውኃው ሊይዝ የሚችለው ኦክስጅንም በዚያው መጠን ይቀንሳል። በጣም አረንጓዴ በሆነ ውኃ በአራት ሰዓት ውስጥ ኦክስጅኑ አረፋ ሆኖ ይወጣና ልኬቱ ያመልጠናል። በጠርሙሱ ትከሻ ላይ የመርፌ ራስ የሚያክሉ አረፋዎች ተደርድረው ካዩ ያንን ውጤት ይሰርዙት፤ በቀጣዩ ቀንም ጊዜውን ወደ አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ያሳጥሩት።

ወለሉንና ፊላውን አለመርሳት

ዳርቻን ከመሐል ሐይቅ የሚለየው ይህ ክፍል ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚዘለለውም ይኸው ነው። ብርሃን እስከ ወለል በሚደርስበት ቦታ ድንጋዩን፣ አሸዋውንና በውኃ ውስጥ ያለውን የፊላ አገዳ የሚያንሸራትት ቡናማ ቅባት መሰል ሽፋን ይለብሰዋል፤ በጣትዎ ሲዳስሱት የሚያሟልጨው ያ ሽፋን በአብዛኛው ዲያቶም የሚባለው የአልጌ ዓይነት ነው። ከእጅ ጭብጥ የማይበልጡ አምስት ድንጋዮች ያንሡ፤ 5 በ5 ሴንቲ ሜትር የተቆረጠ የፕላስቲክ ክፈፍ አስቀምጠው በውስጡ ያለውን በጥርስ ብሩሽ ፈግፍገው በጥቂት የተጣራ የሐይቅ ውኃ ወደ ሳህን ያጥቡት። ከፊላው ደግሞ 10 ሴንቲ ሜትር የሚሆን አገዳ ቆርጠው በተመሳሳይ መንገድ ይፈግፍጉ፤ ዙሪያውን ለክተው የቆዳውን ስፋት ያስሉ።

ምርታማነቱን ለማግኘት ያልተፈገፈጉ ድንጋዮችን ሰፊ አፍ ባላቸው የመስታወት ማሰሮዎች ውስጥ ያስገቡ፤ አልጌው ተጣርቶ በወጣለት የሐይቅ ውኃ ይሙሏቸውና ግማሾቹን ሸፍነው፣ ግማሾቹን ገልጠው በቦታቸው ላይ ለአንድ ሰዓት ያቆዩአቸው። ስሌቱ ያው ነው፤ ነገር ግን ውጤቱ በማሰሮው የውኃ መጠን ተባዝቶ ለድንጋዩ ስፋት ይካፈላል። አሁን ከላይ ያዙት ያልኩት የሴኪ ቁጥር ይጠቅማል፤ ብርሃኑ ከወለሉ በታች እስኪተርፍ ድረስ በጠለቀበት ጊዜ የወለሉ ድርሻ ከፍ ይላል፤ ክረምት ላይ ደለል ገብቶ ሴኪው 0.3 ሜትር ላይ ሲሰወር ግን የወለሉ ምርት ወደ ምንም ይጠጋል። ውኃውን ብቻ የለካ ሰው ይህን ለውጥ አያየውም።

ክሎሮፊል

በዚያው ምሽት ግማሽ ሊትር ውኃ በመስታወት ፋይበር ማጣሪያ ያሳልፉ፤ መምጠጫው በኃይል አይሳብ፤ ሴሎቹ ይፈነዳሉ። ማጣሪያውን ፈጭተው በ10 ሚሊ ሊትር 90 በመቶ አሴቶን ለ24 ሰዓት በጨለማ ማቀዝቀዣ ያቆዩት። በስፔክትሮፎቶ ሜትር 665 ናኖ ሜትር ላይ አንብበው የ750ውን ይቀንሱ፤ ጠብታ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጨምረው ያንኑ ይድገሙ። የሁለቱን ልዩነት በ26.7 አባዝተው፣ በአሴቶኑ ሚሊ ሊትር አባዝተው፣ ለተጣራው ሊትር ያካፍሉ። ከአሲድ በፊት 0.250፣ በኋላ 0.160 ከሆነ ክሎሮፊሉ በሊትር 48 ማይክሮ ግራም ነው። ቀደም ብለን ያገኘነው 117 ለ48 ሲካፈል 2.4 ይሆናል፤ አንድ ሚሊ ግራም ክሎሮፊል በሰዓት ስንት ሚሊ ግራም ካርቦን እንደሚያመርት የሚነግረን ይህ ቁጥር ከአረንጓዴነቱ ይልቅ የአልጌውን ጤና ያሳያል።

በማይክሮስኮፕ ሥር

አብዛኛው ጊዜና ትዕግሥት የሚያልቀው እዚህ ነው። በሉጎል የተጠበቀውን 1 ሊትር በመለኪያ ሲሊንደር ውስጥ በማይነቃነቅ ጠረጴዛ ላይ ለ48 ሰዓት ያዝቅጡት፤ ከዚያ የላይኛውን 950 ሚሊ ሊትር በቀጭን ቱቦ ቀስ ብለው ይሳቡት። የቀረው 50 ሚሊ ሊትር 20 እጥፍ የተከማቸ ነው። ከመድፋትዎ በፊት የሳቡትን ውኃ አንድ ጠብታ ይመልከቱ፤ ቦትሪዮኮከስ በራሷ ዘይት፣ ማይክሮሲስቲስም በውስጧ ባለው የጋዝ ከረጢት ስለሚንሳፈፉ ከላይ ሊቀሩ ይችላሉ፤ ሐዋሳ ላይ ሁለቱም የታወቁ ነዋሪዎች ስለሆኑ ይህን መዝለል አደገኛ ነው።

የሴጅዊክ ራፍተር መቁጠሪያ 1 ሚሊ ሊትር ይይዛል፤ በ1,000 አራት ማዕዘኖችም የተከፋፈለ ነው። ናሙናውን ሞልተው 15 ደቂቃ ካረጋጉ በኋላ 30 አራት ማዕዘኖችን በዕጣ መርጠው ይቁጠሩ። 240 ሴል ካገኙ ለ30 ሲካፈል 8፣ በ1,000 ሲባዛ 8,000፣ ለ20 ሲካፈል በአንድ ሚሊ ሊትር የሐይቅ ውኃ 400 ሴል ይሆናል። በድምሩ 400 ያህል ከቆጠሩ የግምቱ ስሕተት ወደ 10 በመቶ ይወርዳል፤ 100 ብቻ ከቆጠሩ 20 በመቶ ነው። ስለዚህ 240 ላይ ደርሰው ከደከሙ ዕረፍት ያድርጉና ተጨማሪ 20 አራት ማዕዘን ይቁጠሩ።

መለየቱን በተመለከተ ከቅርጽ በፊት ቀለምን ይመልከቱ። አረንጓዴ አልጌዎች ስታርች ስላላቸው በአዮዲኑ ወደ ሐምራዊ ጥቁር ይለወጣሉ፤ ዲያቶሞችና ሳያኖባክቴሪያዎች ግን ቡናማ ሆነው ይቀራሉ። ዲያቶሟ ከሲሊካ የተሠራ ቤት አላት፤ የማይክሮስኮፑን ማስተካከያ ቀስ ብለው ሲያዞሩ በጎኗ ላይ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተደረደሩ መስመሮች ብቅ ይላሉ። ሳያኖባክቴሪያዎች በውስጣቸው የተለየ አካል አይታይም፤ እንደ ገመድ የተቀጣጠሉ ወይም እንደ ደመና የተከማቹ ናቸው። ዳይኖፍላጀሌቶች በወገባቸው ዙሪያ ቀበቶ የመሰለ ቦይ አላቸው። የዝርያውን ሳይንሳዊ ስም ካላረጋገጡ በግምት አይጻፉ፤ ‘ዲያቶም ሀ፣ ርዝመት 35 ማይክሮን፣ ጫፏ ሾጣጣ’ ብለው በእርሳስ ይሳሉት፤ ዓመቱን ሙሉም በዚያው ስም ይጥሩት። ለብዝኃነት ስሌት የሚያስፈልገው ወጥነት ነው፤ ስሙ ባለሙያ ሲገኝ ይሞላል።

የሴል ቁጥር ብቻውን ያታልላል። 2 ማይክሮን ስፋት ያላት ክብ ሴል ይዘቷ 4.2 ኪዩብ ማይክሮን ሲሆን፣ 40 ማይክሮን ያላት ግን ወደ 33,500 ትደርሳለች፤ አንዷ ትልቅ 8,000 ትንንሾችን ታክላለች። ስለዚህ ከየዓይነቱ ቢያንስ 20 ሴል ለክተው ቅርጹን ከሉል፣ ከሲሊንደር ወይም ከሣጥን ጋር አመሳስለው አማካይ ይዘቱን ያስሉ፤ በቁጥሩም ያባዙት።

ስሌቱና ንባቡ

ብዝኃነትን በአንድ ቁጥር የሚገልጸውን የሻነን መለኪያ ለማግኘት የእያንዳንዱን ዝርያ ድርሻ በዚያው ድርሻ ተፈጥሯዊ ሎጋሪዝም አባዝተው ይደምሩና ምልክቱን ወደ አዎንታዊ ይቀይሩ። አምስት ዝርያዎች እኩል 20 በመቶ ከያዙ ውጤቱ 1.61 ነው፤ አንዷ 96 በመቶ፣ አራቱ እያንዳንዳቸው 1 በመቶ ከያዙ 0.22 ብቻ ይሆናል። በሁለቱም የዝርያው ብዛት አምስት ነው፤ ማኅበረሰቡ ግን ፈጽሞ የተለያየ ነው። ስሌቱን በሴል ቁጥርም በይዘትም ይሥሩት፤ ሁለቱ በጣም ከተራራቁ ጥቂት ትልልቅ ሴሎች ምርቱን ይዘውታል ማለት ነው።

ለእያንዳንዱ ባልዲ አሁን አምስት ነገሮች በእጅዎ አሉ፦ የዝርያ ድርሻ፣ የሻነን ቁጥር፣ ክሎሮፊል፣ ምርትና የሴኪ ጥልቀት። ሻነኑን በአግድም፣ ምርቱን በቁም አድርገው ነጥቦቹን ሲያስቀምጡ ቀጥ ያለ መስመር አይጠብቁ። ሻነኑ ዝቅ፣ ምርቱ ከፍ ያለበት ቀን ካለ ዝርዝሩን ይክፈቱ፤ ማይክሮሲስቲስ ከነገሠች ያ ምርት ለዓሣው የሚተርፈው በከፊል ነው፤ ሌላው ይበሰብስና ሌሊት ኦክስጅኑን ይጨርሳል። ሁለቱም ዝቅ ያሉበት ቀን ብዙ ጊዜ ሴኪው ያጠረበት የጎርፍ ሰሞን ሆኖ ይገኛል፤ የጎደለው ብርሃን እንጂ ንጥረ ነገር አይደለም። ሻነኑ መካከለኛ ሆኖ ክሎሮፊሉ ዝቅ፣ በክሎሮፊል የተካፈለው ምርት ግን ከፍ ካለ ትንንሽና ፈጣን ሴሎች እየሠሩ፣ ጥቃቅን እንስሳትም እግር በእግር እየበሏቸው ሊሆን ይችላል፤ ያን ቀን በመረብ የተያዘውን ናሙና ለእንስሳቱ ሲሉ ይመልከቱት። የፊላውን ጣቢያ ከገላጣው ጋር ሲያነጻጽሩ ደግሞ የውኃውን ምርት ብቻ አያስተያዩ፤ ፊላው ውኃውን ስለሚያጠላ በዚያ ያለው ምርት ዝቅ ሊል ይችላል፤ በአገዳዎቹ ላይ የተለበጠው ሲደመርበት ግን ደረጃው ሊገለበጥ ይችላል።

ከእያንዳንዱ ባልዲ 100 ሚሊ ሊትር በሉጎል የተጠበቀ ውኃ ሳይነካ በቡናማ ጠርሙስ ያስቀሩ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ጣቢያውንና የሴኪውን ቁጥር በእርሳስ በወረቀት ላይ ጽፈው ይለጥፉበት፤ የእስክርቢቶ ቀለም በአዮዲን ትነት ይደበዝዛል። ጠርሙሶቹን ፀሐይ በማይደርስበት ቁም ሣጥን አስቀምጠው በየሦስት ወሩ ይመልከቷቸው፤ የሻይ ቀለሙ ከነጣ ጥቂት ሉጎል ይጨምሩበት።